የስምንት ሰዓት ፀሐይ

ግንቦት 22

ሰባት ድንኳን ጠገንኩ። ስምንተኛውን አይጥ በልቶታል። "ይሄ ለወንፊት ይሁን" ብዬ ለአለቃ መለስኩለት። አልሳቀም። ጥርሱን የሚቆጥብ ሰው ነው።

ድንኳኖቹን የሚከራዩን የሙዚቃ ሰዎች ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ዘፈን... ሕዝቡም እዚያው ድንኳን ውስጥ ያድራል። በዚህ ሙቀት። ቤት ያለው ሰው። አለቃ እኔም እንድሄድ ይፈልጋል፤ የተቀደደ ካለ እዚያው እንድሰፋ። "አንቺ ካልሄድሽ ማን ይሄዳል?" አለኝ። ይቺን ነገር ከአባቱ ነው የወረሳት። አባቱም ሲያታልለኝ እንዲሁ ነበር የሚለው።

ወገቤን አሞኛል። ቢሆንም ሳልጽፍ አልተኛም። ሁለተኛ ደብተሬ ነው። በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ ከጎማ ጠጋኙ በላይ ባለችው ክፍል፣ ከሥራ የወጣች ነርስ ናት ያስተማረችኝ። ሁለት ዓመት ሆነኝ።

እህቴ አታውቅም። ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ ያስተማረች ሴት፣ እኔ በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ፣ እኔ ሸራ እየሰፋሁ ያደገች፣ እኔን አንዲት ፊደል አላስቆጠረችኝም። ታዲያ አሁን ሄጄ "ተማርኩልሽ" ልበላት? አልልም። ይቅርባት።

ግንቦት 25

እህቴ ደወለች። "እትዬ፣ ሜዳው ላይ ልትሰነብቺ ነው አሉ።"

"ማን አለ?"

"አለቃሽን መንገድ ላይ አግኝቼው።"

ለኔ ጥርሱን የሚቆጥበው ሰው ለሷ ወሬ አይቆጥብም።

ከተማሪዎቿ አንዱ ድራም መቺ ሆኗል። ዴስክ እየደበደበ ስንት ጊዜ ከክፍል ያስወጣችው ልጅ። ራሱ ደውሎ "ቲቸር፣ እርስዎ ሳይሰሙኝ ድራም መታሁ አልልም" አላት። ከዚህ በኋላ ወደ ውጭ ሊሄድ ነው፣ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ከኔ ጋር ድንኳን ውስጥ ማደር ትፈልጋለች።

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም።

ስልኩን ሳላስቀምጥ ልጇ ደወለች። "አክስቴ፣ እባክሽ..." ሐኪሙ ከአምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ፀሐይ እንዳይነካት ብሏል። አምና ገበያ መሀል ወድቃ ልቧ ነው ተብሏል። ሁለተኛ ከወደቀች ለመነሳቷ ዋስትና የለም አላቸው። "እኔን አትሰማኝም። አንቺን ትፈራለች።"

ትፈራኛለች? ደግ።

ግንቦት 29

ደርሰናል። ሜዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ካስማ በመዶሻ አልገባ ብሎ ውሃ እያፈሰስን መታነው።

የወጣቶቹ ድንኳን በር በሙሉ ወደ መድረኩ ዞሯል። መድረኩ በምሥራቅ ነው። ነገ ጠዋት ፀሐይዋ በበሩ ገብታ እንደ ዳቦ ትጋግራቸዋለች። ነገርኳቸው። አንዱ ባለጉትቻ "እማማ፣ ተኝተን መድረኩን እንድናይ ብለን ነው" አለኝ። ተጋገሩ እንግዲህ።

የኛን ድንኳን አንድ ዛፍ በምሥራቁ ትቼ ተከልኩት። ጠዋት ጥላ አለው። በሩን ወደ ሰሜን።

እህቴ ሦስት ባርኔጣ፣ አንድ ጃንጥላ፣ በየቀኑ የተከፋፈለ የመድኃኒት ሣጥን ይዛ መጣች። ዞር ዞር ብላ አየችው።

"ይሄን ሆቴል ማነው የሠራው?"

"እኔ።"

"ያፈሳል?"

"ጣትሽን ካሳረፍሽበት ያፈሳል። ካላሳረፍሽበት አያፈስም።"

የጥጥ ሸራ እንዲህ ነው። ዝናብ ሲመታው ከውስጥ ከነኩት እዚያችው ቦታ ላይ ማንጠባጠብ ይጀምራል። የነገርኩትን ሁሉ በትንሿ ደብተሯ ጻፈች። የኔ ደብተር ከመርፌዬ ሣጥን ሥር ነው።

ግንቦት 30

እዚህ ዋናው ነገር ሰዓት ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል የተነሳ ሻወር ያለ ወረፋ ያገኛል። አንድ ሰዓት ላይ የተነሳ ባልዲ ይዞ አርባ ሰው ጀርባ ያያል። ሁለት ሰዓት ላይ ድንኳኖቹ ሁሉ ሰው ይተፋሉ። ባለጉትቻው ፊቱ ቲማቲም መስሎ ወጣ። አየኝ። ዞር ብዬ መርፌዬን ቀጠልኩ። እሱም በሩን ሲያዞር ዋለ።

ከስድስት እስከ አሥር የሚበጀው መተኛት ነበር። እርጥብ ፎጣ አንገት ላይ፣ የሸራውን ግርጌ ከፍ አድርጎ ንፋስ ማስገባት። እነሱ ግን ያን ሰዓት ነው የሚጨፍሩት። ዛሬ አራት ልጆች ሰው ተሸክሟቸው ወደ ሕክምና ድንኳኑ ሲያልፉ ቆጥሬያለሁ።

አሁን ልጽፈው የፈለግሁትን ልጻፍ።

ከሰዓት በኋላ እህቴ የፕሮግራሙን ወረቀት አመጣች። መነጽሯን አጠለቀች። እኔ አጠገቧ ሆኜ ዚፕ እቀይራለሁ። ጣቷን እያንሸራተተች "ይኸው ልጄ... ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ ሲበርድ" አለችኝ። ከዚያ በመነጽሯ ሥር አየት አደረገችኝ።

ወረቀቱ ጭኗ ላይ ነበር። ሰዓቱ በፊደል ነው የተጻፈው። በቁጥር ቢሆን ድሮም አውቀው ነበር፤ ሜትር ይዤ የኖርኩ ሴት ነኝ። የድራም መቺውን ስም አገኘሁት። ከጎኑ... ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይላል። ሦስቴ አነበብኩት። ስምንት።

"ጥሩ ሰዓት ነው" አልኳት።

"አዎ፣ ጥሩ ሰዓት ነው" አለች። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አፍጥጣ ዋሸችኝ። ለምን ዝም አልኩ? ዝም ያልኩት ስለሷ አይመስለኝም። ይቺ ሴት አርባ አምስት ዓመት ወረቀት ስታነብልኝ ኖራለች። የቤት ኪራይ ውል፣ የሐኪም ወረቀት፣ የእናታችን ደብዳቤ። የቱን ነው ልክ ያነበበችልኝ?

ሰኔ 1፣ ጠዋት

ለልጇ ልደውል ነበር። ተውኩት። ጫማዋን ልደብቅ... የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ጫማ ይደበቃል? ብከለክላት ትሄዳለች። ዋሽታኝ የወሰነችውን ነገር ብለምናት አትተወውም። ከሄደች ደግሞ ብቻዋን፣ መሀል ሜዳ፣ ያቺ ልብ...

አየሩ ከብዷል። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ከሸራው ላይ ያ የእርጥበት ሽታ መጥቷል፣ ገና ጠብ ሳይል። በደቡብ በኩል ደመናው እንደ ጥጥ ጆንያ ተደራርቧል። ዛሬ ይዘንባል። ግን ስንት ሰዓት? ሰባት ላይ ከመጣ ገላገለኝ። ዘጠኝ ላይ ከመጣ ምን ይጠቅመኛል?

በደመና ላይ እምነት የለኝም። ሁለት አሮጌ ሸራ አውጥቼ መገጣጠም ጀምሬያለሁ። እህቴ ሻወር ናት። ሜዳውን የምታዝዘዋን ባለፊሽካ ልጅ ጥላ ልስቀል ብዬ አስፈቅጃለሁ። "እማማ፣ መድረክ ፊት ምሰሶ አይቻልም" አለችኝ።

"ጎን ላይስ?"

"ጎን ላይ እኔ አላየሁም።"

ጥሩ ልጅ ናት። ፊሽካዋን ብትቀንስ።

ሰው ሁሉ ጥላ ሲሰቅል የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይሰቅላል። ስምንት ሰዓት ላይ ጥላው ወደ ምሥራቅ ሸሽቶ እሱ ፀሐይ ላይ ይቀራል። ሸራው ከወንበሩ በምዕራብ በኩል ነው መሆን ያለበት።

ሰኔ 2

ትናንት የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን እህቴ ተነሳች። "እትዬ፣ ውሃ ልቀዳ" አለች።

"ጀሪካኑ ሙሉ ነው።"

"እግሬን ላፍታታ እንግዲያ።"

"ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ሰፊውን ባርኔጣ አድርጊ። መድረኩ ጎን ሸራ ሰቅዬልሻለሁ፣ ወንበርም አለ።"

ቆመች። እንደ ምሰሶ።

"ማን ነገረሽ?"

"ወረቀቱ።"

"ወረቀቱን ማን አነበበልሽ?"

ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኔን አየችው። ቀስ ብላ የተነሳችበት ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ስንት ዓመት ይህን ፊት ለማየት ጠበቅሁ... ሳየው ግን ያሰብኩትን ያህል አልጣመኝም።

ያን ጊዜ ንፋሱ መጣ። አቧራው ከሜዳው ተነስቶ መድረኩን ሸፈነው። ነጎድጓድ። ባለፊሽካዋ በድምፅ ማጉያው "ሁሉም ከመድረኩ ራቅ ይበል፣ ፕሮግራሙ ይቆማል" ትላለች። እኔ ወደ ገመዴ ሮጥኩ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ገመድ ያጠብቃሉ። የጥጥ ገመድ ሲረጥብ ያጥራል፣ አጥብቀው ከተዉት ካስማውን ነቅሎ ይሄዳል። "ገመዱን አላሉት" እያልኩ እየጮህኩ ሄድኩ። ባለጉትቻው በዚህኛው አልተከራከረም። ሌሎቹን ሁሉ እየሮጠ ያላላላቸው እሱ ነው።

የሰቀልኩት ጥላስ? የድራሙ ልጅ ራሱ መጥቶ "እማማ፣ ይቺን ሸራ ልውሰዳት?" አለኝ፤ የመድረኩን ጣሪያ ንፋስ ገልጦት ድራሙ ላይ ሊዘንብበት ነው። አብረን ፈትተን አለበስነው።

ስመለስ በስብሼ ነበር። ፎጣ ሰጠችኝ። ዝናቡ ሸራው ላይ እንደ ጠጠር ይወርዳል። ድንኳኑ መሀል ተቀመጥን፣ ግድግዳ እንዳንነካ ተጠጋግተን። የት ልሂድ? የት ትሂድ?

"መቼ ተማርሽ?"

"ሁለት ዓመቴ።"

"ማን አስተማረሽ?"

"አንዲት ነርስ።"

"ጎበዝ ናት?"

"ትጮሃለች።"

ከዚያ ጠየቅኋት። ዝናቡ ባይኖር አልጠይቃትም ነበር መሰለኝ። "እስከ ዛሬ ያነበብሽልኝ ሁሉ እንዲህ ነበር?"

ውሉም የሐኪሙም ልክ ነው አለች። "የእማዬ ደብዳቤ ብቻ..."

እናታችን ፊደል አታውቅም፣ ጎረቤት ነበር የሚጽፍላት። በየሁለት ወሩ አንድ ከአገር ቤት ይመጣል። እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ታነብልኛለች። ሁሌም መጨረሻው አንድ ነበር፦ "ለታላቂቱ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ደክመሽ አትቅሪ።" እኔ በዚያች ቃል ነው ያን ሁሉ ሸራ የሰፋሁት። ጣቴ ሲደማ በልቤ እላት ነበር።

"እሷ አላለችም" አለች እህቴ። "ደብዳቤው ሙሉ ላኩ ላኩ ብቻ ነበር። ጨርቅ ላኩ፣ ጫማ ላኩ፣ ለምን ቆያችሁ። ስምሽም የለበትም። አንቺ ደግሞ መርፌሽን አስቀምጠሽ ትጠብቂያለሽ... እኔ ነኝ የምጨምረው።"

ተነስቼ ወጣሁ። ዝናቡ ላይ ቆምኩ። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። እናቴ ላይ ተናደድኩ፣ እሷ ላይ ተናደድኩ፣ ራሴ ላይ። አርባ አምስት ዓመት የእናቴን ምርቃት ተሸክሜ... የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ምርቃት ሆኖ ተገኘ። ያቺ ልጅ ያኔ ቀሚሷ ተጣጥፎ የተሰፋ፣ ቅማል ራሷን የበላት። ማን አስተማራት እንዲህ ማለት?

ስገባ አሁንም ያው ቦታ ናት።

"ለምን አላስተማርሽኝም ታዲያ?"

"ጠይቄሽ ነበር። መቀስ ወረወርሽብኝ።"

ትዝ አለኝ። እውነቷን ነው። ከሥራ ገብቼ፣ እግሬ አብጦ፣ እሷ ደብተር ይዛ "ነይ እትዬ፣ ይቺ ሀ ናት..." ስትል። የምትሳለቅብኝ መስሎኝ ነበር።

"አልመታሽም።"

"ስተሽ ነው።"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

"ትናንት የዋሸሁሽ ግን ፈርቼሽ ነው" አለች። "አይሆንም ካልሽኝ እቀር ነበር። መቅረት ደግሞ አልፈለግሁም።"

ዝናቡ አሥር ሰዓት ላይ አባራ። የድምፁን ዕቃ እስኪያደርቁ ሌላ ሁለት ሰዓት። ባለፊሽካዋ አዲሱን ፕሮግራም በድምፅ ማጉያ ስትናገር የልጁ ስም ተጠራ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት። ከኔ ጋር ተያየን። "እንዳልኩሽ" አለችኝ፣ ይቺ አታፍርም።

ፀሐይዋ በርዳ፣ ጭቃ ላይ ወንበር አድርገን ሰማነው። ድራሙ ደረቅ ነበር። በመሀል ዱላውን ወደ እኛ ቀስሮ "ከክፍል ያስወጡኝ ቲቸር እዚያ ናቸው" አለ። ሕዝቡ ዞሮ አጨበጨበላት። ክንዴን ይዛ ነበር። የእጇን ትርታ እየቆጠርኩ ነው ያመሸሁት፤ ደህና ነበር።

ሰኔ 5

ሥራ ገባሁ። ሃያ ሁለት ድንኳን እርጥብ ተጠቅልሎ መጥቷል፣ ዛሬውኑ ካልተሰጣ ይሻግታል። አለቃ "ደህና ነበር?" አለ። ደህና ነበር አልኩ። ምን ልበለው?

ቂሜ አልሄደም። ቦታ ቀየረ እንጂ። እናቴ አሁን መሬት ውስጥ ናት፣ ማንን ልጠይቅ... አንዱን ነገር ግን ደግሜ ደግሜ አስባለሁ፤ ያቺ ቃል ውሸት ነበረች ልል እጀምርና አፌ ላይ ይቀራል።

ሰኔ 11

ባለፈው ዓርብ ለእህቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። ለሰው የተጻፈ፣ ፖስታ ውስጥ የገባ። አንድ ገጽ አልሞላም፤ ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። ምን እንደጻፍኩበት እዚህ አልደግመውም፣ የሷ ነው። ልጇ ስትመጣ ሰጠኋት።

ዛሬ ደወለች።

"ደብዳቤሽ ደረሰኝ።"

"እሺ።"

"አራቴ አነበብኩት።"

"ስህተት አለው?"

ወረቀቱ በስልኩ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ልዋሽ ይሆን ብላ የምታስብ መሰለኝ። "ሁለት ቦታ አለው" አለች።

"የት የት?"

"በስልክ አይሆንም። ነይ፣ ቁጭ ብለን እናየዋለን።"

ድሮ ቢሆን ስልኩን ጆሮዋ ላይ እዘጋው ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ እመጣለሁ አልኳት። መቀሱን ቤት ተይው አለችኝ።