በአክብሮት ስላመለጠን ባቡር ለዕድራችን የጉዞ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ይርጉ ተክለ ጻድቅ
የቅን ልቦና መረዳጃ ዕድር የጉዞ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሲታክ

ጉዳዩ፦ የላኩልኝን የእርካታ መጠይቅ ስለመመለስ

እጅግ የማከብርዎ አቶ ይርጉ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ከርሟል እላለሁ። ወገብዎ በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ከደረሰበት መንገላታት እንዳገገመ፣ የባለቤትዎ የወይዘሮ ገንዘብም የእግር እብጠት እንደ ጎደለ ሰምቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ ጽፌ እስክጨርስ ድረስም ደኅና እንደምሆን ተስፋ አደርጋለሁ።

ኮሚቴዎ ስለ ደቡብ ጣልያን ጉብኝታችን ከአንድ እስከ አምስት ባለው ነጥብ ምን ያህል እንደ ረካሁ የሚጠይቅ ቅጽ ልኮልኛል፤ ለተጨማሪ አስተያየትም ሁለት መስመር ትቶልኛል። ለሁለቱ መስመሮች ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም። የእጅ ጽሕፈቴ ትልቅ ስለሆነ ግን አልበቁኝም፤ ስለዚህ ሁሉም አባል እንዲያነበው በዕድሩ የቴሌግራም ገጽ ላይ በግልጽ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አባላት ላስረዳ። ባለፈው ጥቅምት ወደ ጣልያን የሄድነው አሥራ አራት ሰዎች ነን። ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ እዚህ አሜሪካ በሲታክ ኤርፖርት ታክሲና ሻትል ሲነዱ የኖሩ የተከበሩ ወንድሞች ናቸው። ሌሎቹ ባሕሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ነጫጭ ከተሞቹን ለማየት ተመዘገቡ። እኔ የተመዘገብኩት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እህቴን ውብአየሁን ለማየት። ውብአየሁ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ቤይሩት ሄደች፣ ከዚያ ወደ ጣልያን ተሻገረች፣ ዛሬ ሌቼ በምትባል ከተማ አንዲት የዘጠና ዓመት አሮጊት እየጦረች በሴትዮዋ ቤት ትኖራለች። ከተያየን ሃያ ሦስት ዓመት ሆነን። ከቤቱ መውጣት የምትችለው እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የአሮጊቷ ልጅ መጥታ ትተካታለች። ይህንን በሦስት ስብሰባዎች ላይ ተናግሬያለሁ፤ በቃለ ጉባኤም ሰፍሯል፤ እርስዎም ፈርመውበታል።

እንግዲህ አስተያየቴን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ባቡሩ በር። እሑድ ጠዋት ከባሪ በባቡር ተነሥተን ኦስቱኒን ጎበኘን። ከተማዋ ኖራ እንደ ተቀባች ግድግዳ ነጭ ናት፤ ማማሯን አልክድም። ወደ ሌቼ የሚወስደን ባቡርም ለሰባት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲል፣ በተባለው ደቂቃ መጥቶ ቆመ፤ በእሱ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። እዚያች ጣቢያ የሚቆመው ለአንድ ደቂቃ ያህል እንደሆነ ጠዋት ከሆቴል ስንወጣ ለሁላችሁም ነግሬ ነበር። በሩ ሲከፈት እርስዎ ባርኔጣዎን አውልቀው፣ ቀሲስ ኃይለ መስቀልን «አባታችን ይቅደሙ» አሉ። ቀሲስ ሴቶቹ ይግቡ አሉ። ወይዘሮ ገንዘብ «ካህን ቆመው እኔ እንዴት እገባለሁ፣ የማይሆነውን» አሉ። አቶ ኢሳይያስ የእርስዎን እጅጌ ይዘው «ኧረ በእመቤቴ፣ ሰብሳቢያችን ይቅደሙ» ሲሉ፣ እርስዎ «እኔ ስሞት» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። በሩ የተዘጋው መሐላውን ሳይጨርሱ ነው። በዚህ ነገር የለሁበትም ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ለበሩ ከሁሉ የቀረብኩት እኔ ነበርኩ። አንድ እግሬን አንሥቼ ነበር፤ ካህኑ ከኋላዬ መሆናቸው ትዝ ሲለኝ መልሼ አወረድኩት። አሥራ አራታችንም ቀረን፤ ምስጋና ለአስተዳደጋችን ይሁንና የማናችንም ክብር አልተነካም።

2ኛ. ስለ ቦርሳዬ። ቀጣዩ ባቡር ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደሚመጣ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ነበር፤ እሱን ብንይዝ ኖሮ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ሌቼ እንደርስ ነበር። እርስዎ ግን ፈጣን ውሳኔ በመስጠት የሚታወቁ ሰው ስለሆኑ ወዲያው ወደ ሆቴላችን ደውለው ሚኒባስ ከነሹፌሩ ተከራዩ፤ በአምስት ደቂቃ ይደርሳል ተባልን። እናንተ በሚኒባስ ኑ፣ እኔ በባቡር ብቻዬን ልሂድ ብዬ ስለምንዎ «ሣህሊቱ እህቴ፣ በሰው አገር አንቺን ብቻሽን ልከን በምን አፋችን እንናገራለን» አሉኝ። ከምኖርበት ከዴ ሞይን ወደ ሲታክ በአውቶቡስ እየተመላለስኩ አሥራ ሰባት ዓመት በሆቴል የሠራሁ ሴት ነኝ፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ኮሚቴ አልተከተለኝም ነበር። ቢሆንም ለአሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ግን ቦርሳዬን ስለ ተሸከሙልኝ ነው። ሴት ልጅ ሸክም ይዛ ወንድ ባዶ እጁን አይቆምም ብለው ከእጄ ወሰዱት። ፓስፖርቴና ቲኬቴ፣ ለእህቴ የያዝኩላትም ነጠላ በውስጡ ነበሩ። ሁለተኛው ባቡር መጥቶ በሩን ሲከፍት እርስዎ ቦርሳዬን እንዳነገቱ ከጣቢያው ማዶ አስፋልት ላይ ሚኒባሱን ይጠብቁ ነበር። ስጠራዎ እጅዎን አውለበለቡልኝ። ባቡሩ ሄደ።

3ኛ. ስለ ሹፌሩ። ሚኒባሱ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሹፌሩ ቪቶ የሚባል፣ ተወልዶ ባደገበት አገር መንገድ ለሠላሳ ዓመት የነዳ ጸጥተኛ ሰው ነው። ቀጥታ ቢሄድ በአንድ ሰዓት ያደርሰን ነበር፤ እህቴም ገና አንድ ሰዓት ይቀራት ነበር። ይህን ሰው ስምንት የሲታክ ሹፌሮች እንዴት እንዳገዙት ሳስብ ዛሬም እንቅልፍ ያሳጣኛል። ጣልያንን ከዚያ ሳምንት በፊት አንዳቸውም አላዩም። ከስምንቱ አንዱ ሚኪ ገና ዋናው መንገድ ላይ መኪኖች ጠጋ ጠጋ ሲሉ «ይሄ ልክ የእኛ አገር ፎር ኦ ፋይቭ ሀይዌይ ነው፣ ቤልቪው ጋ ሁሌ እንዲህ ይዘጋል፤ ሶ ኤግዚት አድርግና በውስጥ ሂድ» አለው። አቶ አብርሃም ከኋላ ሆነው በራሳቸው ስልክ ሌላ መንገድ አገኙ። ዘካሪያስ ደግሞ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ «ጂፒኤሱን ኢግኖር አድርገው» እያለ በእጁ ወደ ግራ ያሳየው ነበር። ቪቶ ጨዋ ሰው ነው፤ ገንዘቡን የሚከፍለውን እንግዳ እምቢ ማለት ነውር መስሎት ታጠፈ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ በሁለት የድንጋይ ካብ መካከል፣ የወይራ ማሳ ውስጥ፣ መዞሪያ የሌለው መንገድ ላይ ነበርን።

ወደ ኋላ እንዲወጣ ለመርዳት ስምንቱም ወረዱ። አንዱ «ና ና ና» ይላል፣ አንዱ «ቁረጥ» ይላል፣ አንዱ «መልስ» ይላል፤ ሁሉም በአማርኛ፣ ሁሉም በሁለት እጅ። ቪቶ ለጥቂት ጊዜ አያቸውና ሞተሩን አጥፍቶ ሲጋራውን ለኮሰ። አልፈረድኩበትም።

በዚህ መካከል ስልኬ ይጮኻል። እህቴ ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠች፣ ምናልባት ካላወቅኋት ነጭ ሹራብ እንደ ለበሰች ጻፈችልኝ። ቀጥላም የትኛው ባቡር እንደሆነ ጠየቀችኝ። የወይራ ዛፍ ሥር ቆሜ መንገድ ላይ ነን ብዬ ዋሸኋት። ከማሳው ወጥተን ሌቼ የገባነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እህቴ አሥር ሰዓት ላይ ተነሥታ ወደ ሥራዋ ተመልሳ ነበር።

4ኛ. ስለ ደረጃው። ውብአየሁ ያለችበት ሕንፃ ሥር ደርሰን ስደውልላት፣ አሮጊቷ ስለ ተኛች ጫማዬን አውልቄ ቀስ ብዬ ብቻዬን እንድወጣ፣ አሥር ደቂቃ ወጥ ቤት ውስጥ መቀመጥ እንደምንችል ነገረችኝ። አሥር ደቂቃ፣ አቶ ይርጉ። ይበቃኝ ነበር። ይህንኑ ሳስረዳ እርስዎ «እዚህ ድረስ መጥተን ሳንሰላመት? ምን ይሉናል?» አሉ፤ ሰውም ሁሉ እውነት ነው አለ። አሥራ አራት ሰው በድንጋይ ደረጃ ላይ ሲወጣ የሚሰማውን ድምፅ ልገልጽልዎ አልችልም፤ አሮጊቷ ግን ሰምታው ነቃች፣ ጎረቤቶችም በራቸውን ከፈቱ። እህቴ ከበሩ ጀርባ ሆና እያለቀሰች በስልክ ለመነችኝ፦ የአሮጊቷ ልጅ ከሰማች ሥራዬን አጣለሁ፣ እባክሽ ይዘሻቸው ውረጂ፣ በረንዳ ላይ እወጣለሁ። ይዣችሁ ወረድኩ። ነጠላውን በበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥዬ ነው።

5ኛ. ስለ ፎቶው። እሷ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ወጣች፣ እኛ መንገድ ላይ ቆምን። ገና ቀና ብዬ ሳያት፣ እርስዎ ይህ ታሪካዊ ቀን ሳይቀረጽ ማለፍ የለበትም ብለው ስልክዎን ለቪቶ ሰጡት፤ እሷም ፎቶው ውስጥ እንድትገባ ጀርባችንን ለሕንፃው ሰጥተን ተደረደርን። ቀሲስ መካከል፣ አዛውንቶች ግራና ቀኝ። ወደዚህ እዩ ተባለ፤ አየን። ቦታ እስክንለዋወጥ፣ ቪቶም ስልኩን እስኪያውቀው ጥቂት ቆየ። ዞር ስል አሮጊቷ ጠርታት ገብታለች። ያ ፎቶ ዛሬ በትልቁ ታትሞ በዕድሩ አዳራሽ በር ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩም ኮሚቴው ሁለት እህትማማቾችን ማገናኘቱ ተጽፏል። ስለዚህ ክብር አንገቴን ደፍቼ አመሰግናለሁ።

ተናድጃለሁ፣ አቶ ይርጉ። በእናንተ የተናደድኩትን ያህል በራሴም ተናድጃለሁ፤ እግሬን ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ ወደዚህ እዩ ሲባል ያየሁትም እኔ ነኝ። ክፉ ሰው ቢበድለኝ ልሰድበው እችል ነበር። እናንተ ግን ለእናቴ ለቅሶ የደረሳችሁልኝ፣ ስታመም ሾርባ ያመላለሳችሁልኝ ሰዎች ናችሁ፤ ለዚህ ነው በቅጡ መቆጣት እንኳ ያቃተኝ።

ስለ ነጥቡ፦ ለአክብሮታችሁ አምስት ሰጥቻለሁ። ለቪቶም አምስት። ለሌላው የሚሆን ቁጥር ቅጹ ላይ አላገኘሁም። በመጪው የካቲት ወደ ሌቼ እመለሳለሁ፤ ለዚህ ጉዞ ኮሚቴ እንዳይቋቋም፣ ሸኚ እንዳይመደብ፣ ቦርሳዬንም ማንም እንዳይዝልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ፎቶው ከአዳራሹ በር እንዲወርድልኝም እለምናለሁ።

ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴዎም ረጅም ዕረፍት እየተመኘሁ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣

ውለታዎን መቼም የማልረሳ
ሣህሊቱ ናኦድ
ከዴ ሞይን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፎቶውን አይተው እህቴ የትኛዋ እንደሆነች ለጠየቁኝ አባላት፦ ከላይ በስተግራ፣ በረንዳው ላይ የምትታየው ነጭ ነገር እሷ ናት፤ ከሁላችንም ወደ ቤተሰቧ የምታየው እሷ ብቻ ናት። በማግሥቱ ስትደውልልኝ ፊቴን በደንብ እንዳላየችው፣ ጀርባዬ ግን ቁርጥ የእናታችንን ጀርባ መሆኑን ነገረችኝ። ስለዚህ አቶ ይርጉ፣ ፎቶውን ሲያወርዱ ያንን ጥግ ብቻ ቆርጠው ይላኩልኝ፤ እኛ አሥራ አራታችን ያለንበትን ኮሚቴው ለራሱ ያስቀረው።