ከኋላ የምትቀመጠው ርዕሰ መምህርት

ሰኞ

ዛሬም ገባች። የጓደኛዬ የገመቹ ክፍል፣ የመጨረሻው ዴስክ ላይ፣ ከልጆቹ መሀል ተሸጉጣ ፔሬዱን ሙሉ ተቀመጠች። ያንን ጥቁር ደብተሯን ከፍታ ጻፈች፣ ጻፈች፣ ከዚያ "አመሰግናለሁ መምህር" ብላ ወጣች። በቃ። ምን እንደጻፈች ትንፍሽ አላለችም።

አዲሷ ርዕሰ መምህርታችን ሰሚራ ከመጣች ገና አንድ ወሯ ነው። በዕድሜ ከትልቋ ልጄ ብዙ አትርቅም። እኔ ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ።

የፊተኛው ርዕሰ መምህር አንድ ቀን እንኳ ክፍሌን ረግጦ አያውቅም። የሚያውቀው የፊርማ ሰዓትና የግቢውን በር ነበር። "ይሄ ሰውዬ ስለ ማስተማር ምን ያውቃል?" እያልን እናማው ነበር። አሁን ክፍል የምትገባ መጣች፤ ፈራናት። ምን እንደምንፈልግ ለራሳችንም አይገባንም።

መምህራን ማረፊያ ውስጥ የሚወራው ሌላ ነው። ክፍል ገብታ ስታየው ነጥቡ ዝቅ ያለ ይዛወራል አሉ። አንዱ ወደ መሪ ሰፈር ይላል፣ ሌላው ከዚያም ወዲያ። የእኔ ቤት የካ ሚካኤል ነው፣ ከትምህርት ቤቱ በእግር አስር ደቂቃ። ምሳ ሰዓት ሮጬ ባለቤቴን አበላለሁ፣ መድኃኒቷን ሰጥቼ እመለሳለሁ። ከወደቀች ወዲህ ብቻዋን አትነሳም። ብዛወር ማን ያያታል?

የእኔ ተራ ረቡዕ ነው። ሦስተኛ ፔሬድ፣ ሰባተኛ ሐ።

ማክሰኞ

ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጣቴን አደንዝዞት ጠመኔ መያዝ አቅቶኝ ነበር። ወይስ ፍርሃት ነው?

ገመቹ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። አባቱ እዚሁ ኮተቤ ዳር ገበሬ ነበሩ፤ ነገር ሲያስረዳ ሁሌም በከብት ነው። "ስማ፣ ላም ልትገዛ ለመጣች ሰው ላሟ የምትታለብበትን ሰዓት እንጂ የምትራገጥበትን አታሳያትም" አለኝ።

ገባኝ። ባለፈው ሳምንት የጨረስኩትን፣ ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈል፣ ነገ እንደ አዲስ አስተምራለሁ። ለልጆቹም ነገርኳቸው። "ነገ ክለሳ ነው፣ እጅ በደንብ ታወጣላችሁ።" ተሳሳቁ። አወቁብኝ።

ረቡዕ

አለቀ።

እጅ እንደ ደን ቆመ። "አካፋዩን ገልብጠን እናባዛለን!" ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹ። ሰሌዳ ላይ የወጡት አራቱም አልተሳሳቱም። እሷ ግን ቀና ብላ ሰሌዳውን ያየችው ሁለቴ ብቻ ነው። የምታየው ልጆቹን ነው። እና ትጽፋለች።

ስትወጣ አጠገቧ የነበረችውን ሃያትን ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ከደወል በኋላ ሃያትን ጠራኋት።

"ምን አለችሽ?"

"ይሄን መቼ ነው የተማራችሁት አለችኝ፣ ቲቸር። ባለፈው ሳምንት አልኳት።"

እውነቷን ነው። "ጎበዝ" ብዬ ሸኘኋት።

ሐሙስ

ቢሮ ተጠራሁ። በደረጃው ላይ መልሴን አዘጋጀሁ፦ ክለሳ የማስተማር ዘዴ ነው፤ ዕቅዴ ላይ አለ። (አልነበረም። ጠዋት ነው የጨመርኩት።)

በሩን ዘጋች። ደስ አላለኝም።

"መምህር፣ ትናንት ያሳዩኝ የባለፈውን ሳምንት ነው" አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።



ደብተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ስለ እኔ አንድ መስመር የለም። "አራተኛ ረድፍ፣ በመስኮት በኩል፣ ምንም አልተናገረችም።" "ሁለት ወንዶች ከጎናቸው ገለበጡ።" እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር፣ ገጽ ሙሉ። ሌላ ገጽ ይኖራል ብዬ ጠረጠርኩ። አሁንም እጠረጥራለሁ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለምንድን ነው የሚገለበጠው?"

"ሕጉ ነው።"

"እኔም ሕጉ ነው ተብዬ ነው የተማርኩት። ኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜም ማንም አልነገረኝም። ነገ ክፍልዎን ይስጡኝ፣ እኔ ላስተምር። እርስዎ ከኋላ ተቀምጠው ይጻፉ።"

ለገመቹ ነገርኩት። "ወጥመድ ነው!" አለ። "አንተ የጻፍከውን ይዛ ነው የምትከስህ። አንዲት ቃል እንዳትጽፍ።"

ሃያ ሁለት ዓመት ገልብጡ ስል ኖሬያለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዓርብ

የልጅ ዴስክ ለጉልበት አይመችም።

ሰሚራ ሦስት ሜትር ሪባን ይዛ መጣች። በሩብ በሩብ ሜትር አስቆረጠቻቸው፤ አስራ ሁለት ሆነ። ሦስት ለሩብ ሲካፈል ሦስት ጊዜ አራት። ልጆቹ "አሃ!" አሉ። እኔም በሆዴ።

ከዚያ ግማሽን ለሦስት አራተኛ ጻፈችና ተደናቀፈች። ግማሽ ሜትር ሪባን ለአንድ የሦስት ሩብ ቁራጭ እንኳ አልበቃ አለ። ደግማ ጀመረች፣ ደመሰሰች። ልጆቹ ሳቁ። ጆሮዋ ቀላ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሳላስበው ተነሳሁ። "ጠርሙስ!" አልኩ። "ሦስት አራተኛ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ ግማሽ ሊትር ዘይት ብናደርግ፣ ጠርሙሱ ምን ያህል ይሞላል?" ሰሌዳው ላይ ሣልኩት። ጠርሙሱ ሦስት ሩብ ነው፤ ዘይቱ ሁለት ሩብ። ከሦስቱ ሁለቱ። ሁለት ሦስተኛ! እየሣልኩ ነው ለእኔም የገባኝ። እሷ ሄዳ የእኔ ዴስክ ላይ ተቀመጠች።

በኋላ አስተያየቴን ጠየቀችኝ። የገመቹን ምክር ረስቼ ጻፍኩላት፦ ጥያቄ ትጠይቂያለሽ፣ መልሱን ሳትጠብቂ አንቺው ትመልሻለሽ። "አንቺ" ብዬ መጻፌን ያየሁት ከሰጠኋት በኋላ ነው። አንብባ ሳቀች፤ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው።

ደፍሬ ጠየቅኋት። "ዝውውሩስ፣ ርዕሰ መምህርት?"

"የሚዛወር መምህር ስም ላኪ ተብያለሁ፣ ከክፍለ ከተማ" አለች። "እስካሁን አልላክሁም።"

እስካሁን። ቤት እስክደርስ ይህችን ቃል እያላመጥኳት መጣሁ። ለባለቤቴ ስነግራት "ቢያንስ አልዋሸችህም" አለችኝ።

ሰኞ ተመልሳ ትገባለች። የማስተምረው ያልተማሩትን ነው። ዕቅዱን አሁን ጀመርኩት፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሦስቴ ሰረዝኩት። ጠይቄ እኔው ሳልመልስላቸው ምን ያህል መቆየት እንደምችል እንጃ።