ለብርሁ ያነበብሁት የሕይወት ታሪክ

ለውድ እኅቴ ለብፅአት፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት አስቻለሽ? ባለቤትሽን ላቀውን ያ ክፉ ሳል ለቀቀው ወይ? እኔ ከእርጅናና ከዓይኔ መፍዘዝ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለሁ። ገዳሪፍ ከካርቱም ጦርነት ሸሽቶ በመጣ ሰው ተጣብባለች፤ ስልኩም አንድ ቀን ቢሠራ ሦስት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በመተማ በኩል ለምትሻገር ነጋዴ ሰጥቻለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ብርሁ ሞተ። አዎ፣ ያው የጎረቤታችን ልጅ፣ በ1970 ዓ.ም. ባለቤቴን ዘርኣይን ለቀበሌ ጠቁሞ ያስወሰደብኝ። ከሑመራ ሸሽቶ መጥቶ አራት ዓመት እዚሁ ሰፈሬ ካሮ በሚሉት የአህያ ጋሪ ውሃ ሲሸጥ እንደኖረ አልነገርሁሽም። ምን ብዬ ልንገርሽ? ከእሱ ላለመግዛት ሁለት መንገድ እየተሻገርሁ ጀሪካን ስጎትት ከረምሁ። ጥላቻ እንደ ፍቅር ማልዶ ያስነሣል፣ እኅቴ፤ ማታ ግን የሚያሳርፍ አይደለም።

በዕድራችን ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን ጽፌ በቀብሩ የማነበው እኔ እንደሆንሁ ታውቂያለሽ። «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ» የሚለውን፣ እንደ መግነዝ ለሁሉም የሚሆን ቃል አልጽፍም። የዕድሩ ዳኛ ጸጋብርሃን «እማማ አሰፋች፣ ትንሽ ደግነት ቢጨምሩለት ምን አለበት? ከኪስዎ አይወጣ!» እያለ ይቀልድብኛል። ብርሁ በሞተበት ጠዋት ግን ሳይቀልድ ከብርሁ ልጅ ከሸዊት ጋር መጣ። ሌላ ሰው ፈልጉ አልኋቸው። ሸዊት ከበሩ ሳትነቃነቅ፣ «አባቴ ‹እኔን አሰፋች ትጻፈኝ፤ እሷ አትዋሽም› ብሎ ነው የሞተ» አለችኝ። ለካ እኔ ከማነብበት ቀብር ቀርቶ አያውቅም፤ ከሰው ኋላ ቆሞ ይሰማኝ ኖሯል።

በሩን ዘጋሁና የልቦለዴን አሥራ አንድ ደብተሮች አወጣሁ። በውስጡ ያለው ክፉ ሰው ብርሁ ነው፤ ስሙን ብቻ ቀይሬዋለሁ። ሃያ ዓመት ስጽፈው ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም እል ነበር። ገጽ በገጽ አየሁት፤ አንድ ጊዜ እንኳ አይስቅም፣ አይርበውም፣ አያመውም። በተማሪነቴ እንዲህ ያለ ሰው ብጽፍ መምህራችን በማስመሪያ ጣቴን ባሉኝ ነበር።

በዚያ ክረምት መግቢያ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ ያሻገረሽ ማን ነበር? የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ጫማሽን በጥርሱ ነክሶ ገባ። ይህን ከመጽሐፉ ያስቀረሁት ረስቼው አይደለም። ሰውየውን የሚያበላሽብኝ መስሎኝ፣ አውቄ ነው።

በቀብሩ ሁለቱንም አነበብሁ። «በጎረምሳነቱ አንዲት ሕፃን ከሞላ ወንዝ አሻገረ። በሃያ አምስት ዓመቱ አንድ ንጹሕ ሰው ጠቁሞ አስወሰደ። የዚያ ሰው ሚስት ይህን የማነበው እኔ ነኝ» አልሁ። ጸጋብርሃን መሬት መሬት አየ። ሸዊት መጥታ ጉልበቴን ሳመች። ይቅር አልሽው ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። አላልሁም፤ ዘርኣይ መቃብር እንኳ የለው። ደክሞኛል ብቻ።

አሁን ያን ሰው እንደ ገና መጻፍ አለብኝ፣ ዕድሜ ከበቃኝ። አንድ ነገር ግን ጎድሎኛል። ወንዙ መካከል ስትደርሱ በጩኸት ታንቀሽ ነበር፤ እሱ ጫማሽን ከአፉ አውጥቶ፣ ቀና ብሎ አንድ ነገር ቢልሽ ዝም አልሽ። እኔ ከዳር ቆሜ አልሰማሁትም። ምን ነበር ያለሽ?

ላቀውን ማር በሙቅ ውሃ ይጠጣ በይልኝ። ምራትሽን መብርሂትን ስለ ላከችልኝ ነጠላ አመስግኚልኝ፤ ልጇን ትንሿን ትዕበን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ ፊደል መቁጠሯንም ተቆጣጠሪ። ብርሁ ያለሽን ቃል እንዳለ ጻፊልኝ፤ አታሳምሪው።

እኅትሽ አሰፋች
ገዳሪፍ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.