የሺ ወደ ሱቄ የመጣች ዕለት

ሰኞ

ዛሬም ጫማዬ አልገባ አለ። እግሬን በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ እዚያው ይቀራል። ሆስፒታል የሰጡኝን አዲሱን ኪኒን ከጀመርኩ ስድስት ቀኔ። ለግፊቱም ለእብጠቱም ነው ብለውኛል። እብጠቱን ቶሎ እንዲያጎድልልኝ ብዬ አምና ዳንግላ ሄጄ የታዘዘልኝን የድሮውን ሽንት የሚያበዛ ኪኒንም አብሬ እውጣለሁ። ለልጄ ለሰሚራ አልነገርኳትም፤ ትቆጣኛለች። ጨው ጨርሶ ትቻለሁ። ውሃ ግን አልጠግብ ብያለሁ።

ማክሰኞ

ጎደለ! ጫማዬን አጠለቅኩ፣ አልሃምዱሊላህ። ሽንቱ ግን መቀመጫ ነሳኝ። ብድግ ስል ያዞረኛል፣ ምሳም አስጠላኝ። ከሰዓት ሱቅ ውስጥ ሰው ሲያስል ሰማሁ። ዞር ብል ከጨርቅ ጣቃ በቀር ማንም የለም። ሳሉ የሟቹ የባሌ ነው። አርባ ዓመት የሰማሁት ሳል አይጠፋኝም።

ረቡዕ

የሺ መጣች። የዘንገናዋ ገበሬ፣ ሃያ ዓመት ከእኔ ሱቅ ሌላ ያልረገጠች። ቀኑ ብራ ነው። እንደ ልማዷ በአዊኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰች፦

«እትዬ ዘሃራ፣ አቡጀዲ ቁረጪልኝ። ለመገነዣ የሚበቃ።»

«ማን ሞተብሽ?» አልኳት። ፈገግ አለች። ቆርጬ አጠፍኩላት። ቀና ስል የለችም።

ሰሚራ ገብታ «እማ፣ ይሄ ለማን ነው?» አለች። ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«እማ... ክረምት ላይ ለቅሶዋን አብረን ደርሰን የለ?»

አዎ፣ ደርሰናል። ታዲያ ማን ነበረች?

ሐሙስ ይመስለኛል

ፊደሉ ይሸሸኛል። የሺ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ዝናብ ሳይኖር የቀሚሷ ጠርዝ ረጥቧል። አፍጥጣ ታየኛለች። ኪኒኑን ጠዋት ውጫለሁ? ደግሜ ዋጥኩ መሰለኝ። ጎረቤቴ መጥታ «ሙት ከጠራ ዝም አይባልም፣ ዱዓ ይደረግላት» አለች። ሰሚራ «ዱዓውም ይደረግ፣ መጀመሪያ ግን የምትውጠውን ልይ» ብላ ቦርሳዬን ዘረገፈችው። ሁለቱንም እሽግ አገኘች። ባጃጅ እየጠራች ነው።

እሑድ፣ ሆስፒታል

ሐሙስ መንገዱን ሙሉ ባጃጁ ውስጥ ከጎኔ ካለ ሰው ጋር በአዊኛ ሳወራ ነበር አሉ። በአንድ ጎኔ ሰሚራ ነበረች፣ በሌላው ማንም አልነበረም። እኔ አላስታውስም።

ደሜን መርምረው ጨዉ ክፉኛ ወርዷል አሉ። በደም ሥር የሚገባውን የጨው ፈሳሽ ቀስ አድርገው ነው የሰጡኝ፤ ጨው ቶሎ ቢጨመር አእምሮን ይጎዳል። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ሁለቱን እሽግ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«እናቴ፣ አዲሱ ሁለት መድኃኒት በአንድ ላይ የያዘ ነው። አንደኛው ይሄ የድሮዎ ነው። ስሙ ተለየ እንጂ ያው ነው። እጥፍ ነበር የሚወስዱት።»

«የሺንም ያመጣት እሱ ነው?»

«ጨው ከደም ሲወርድ የሌለ ሰው ይታያል።» የምርመራውን ወረቀት እያጠፈች «ትንሽ ቢዘገዩ ሰውነትዎ ይንቀጠቀጥ፣ ራስዎን ይስቱ ነበር» አለች።

አፈርኩ። ያልጠየቀ ሰው ስህተት ነው የሠራሁት።

ረቡዕ፣ ቤቴ

ሁለቱንም ኪኒን አስቆሙኝ። ለግፊቱ ሌላ ዓይነት አዘዙልኝ። እግሬ ትንሽ አብጧል፣ ይሁን። ሰሚራ ያስጻፈችኝ፦

የምወስደውን ሁሉ፣ የድሮውንም፣ ለሐኪም ማሳየት።
ቢያብጥም ቢጎድልም በራሴ አለመጨመር፣ አለማቆም።
ካስመለሰኝ፣ ካስቀመጠኝ ወይም ካዞረኝ ሳልውል ሳላድር መሄድ።
የቁርጥማት ማስታገሻ ግፊት ይጨምራልና ሳልጠይቅ አለመግዛት።
በሳምንቱ ደም መመርመር።

የሺን ያመጣት መድኃኒቱ ነው ስላት ጎረቤቴ አሁንም አይደለም ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። አልተከራከርኳትም።

ከሰዓት ሱቅ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት ከበራፉ «እትዬ ዘሃራ!» ብላ ተጣራች። አፌን ከመክፈቴ በፊት ሰሚራን አየኋት። «ግቢ፣ ምን ልስጥሽ?» እስክትላት ድረስ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ።