ሳሎናችን ውስጥ የተሰቀለው ሙሽራ

ውድ አባባ ግዛው፣

ይህን ወረቀት ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። መነጽርዎ ከጠፋብዎ ይፈልጉት እንጂ ለሌላ ሰው ሰጥተው አያስነብቡ። ስልክ ደውዬ እንዳልነግርዎ፣ እርስዎ ስልክ ሲያናግሩ ድምፁን እስከ መጨረሻው ስለሚለቁት ዱራሜ ያለ ዘመድ በሙሉ አብሮ ያዳምጣል። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ልጅዎ፣ አጎቴ ብሩኬ ነው። ፖስታውን በፕላስተር ደጋግሜ የጠቀለልኩት ደግሞ እሱን ስለማውቀው ነው። ፕላስተሩ ተነካክቶ ከደረሰዎ አጥብቀው ይጠይቁት።

ነገሩ የጀመረው ጎፋ፣ ማተሚያ ቤት ነው። ለጋብቻችሁ አርባ አምስተኛ ዓመት የምስጋና ፕሮግራም አክስቴ አስቴር የሠርግ ፎቷችሁን ከሳሎን አውርዳ፣ በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ባነር ተሠርቶ ቸርች ውስጥ ከመድረኩ ጀርባ ይሰቀላል ተባለ። ባነር የሚሠራው ለሊሳ ፎቶውን ከፍሬሙ አወጣና ዓይኑን አስጠግቶ ሲያየው ቆየ።

«ይሄ እኮ ፎቶ አይደለም» አለኝ። «ካላንደር ነው። ነጠብጣቦቹን አታዪም? ሳሳድገው ሙሽሮቹ ኩፍኝ የያዛቸው ነው የሚመስሉት።»

አገላብጬ አየሁት። የታችኛው ጠርዝ በመቀስ ተቆርጧል፣ ያውም ጠማማ ሆኖ። ጥርጣሬ የገባኝ ያኔ ነው። ለሊሳን እስከ ቅዳሜ ጠብቀኝ ብዬው ወጣሁ።

ለቡ መብራት ኃይል አዲስ ካፌ ተከፍቷል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በድሮ ማስታወቂያ ነው የተሸፈነው። እኛ የምንሄደው ፎቶ ለመነሳት ነው፤ ጁሱማ ውሃ ነው። ከጎረቤታችን ከሲሃም ጋር ሄድን። አንዱ ማስታወቂያ ላይ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰውዬ ሲጋራ ይዞ «ጉሮሮን ያለሰልሳል» ይላል። ሌላው ላይ አንድ ጠርሙስ ቅባት ራሰ በራውን ሰውዬ በሦስት ሥዕል ጎፈሬ ያደርገዋል። በደርግ ጊዜ የወጣ የካልሲ ማስታወቂያ አለ፤ ሠራተኛው ካልሲውን ከፍ አድርጎ የያዘው ጠላት ሊደበድብበት ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ካሉት ደግሞ አንዲት ሴትዮ ጡብ የሚያህል ሞባይል እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ትስቃለች። ይህን ሁሉ አምናችሁ ስትገዙ የኖራችሁት እናንተ ናችሁ እንግዲህ «ቲክቶክ ላይ ያየሽውን ሁሉ አትመኚ» የምትሉን።

ከመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ፣ የእርስዎዋ እማማ አረጋሽ ቆማለች።

ቬሎዋን ለብሳለች። አጠገቧ ያው የሳሎናችን ሙሽራ አለ። እኛ ቤት ያለው ላይ መቀስ የበላው ክፍል እዚህ ሙሉ ነው። እግራቸው ሥር ባለ አበባ ፍራሽ ተነጥፏል። ከፍራሹ በታች በትልቁ «ትዳራችሁ በምቾት ይጀመር። ቅምጥል ፍራሽ» ይላል። ከዚያ የ1965 ወራት ተደርድረዋል።

አባባ፣ አክስቴ አስቴር እኔን ስትቆጣ ያንን ፎቶ ስንት ጊዜ እንዳሳየችኝ ያውቃሉ? «የድሮ ሴት ልጅ ጨዋነት እዪ፤ በሠርጓ ቀን እንኳ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም» እያለች። እማማ ለካ የምታየው ፍራሹን ነው።

ሲሃም ሳቋን ጨርሳ ወደ ምስሉ ጠጋ አለች። «የአባባ ጆሮ እንዲህ ነበር እንዴ?» አለችኝ። አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእርስዎ ጆሮ ከእርስዎ ቀድሞ በር የሚገባ ነው። የሰውዬው ጆሮ ግን ከጭንቅላቱ ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ደግሞስ እናንተ የተጋባችሁት በ1972 አይደለም?

ቤት ገብቼ ስለ ካፌው ምንም ሳልተነፍስ አክስቴን ስለ ጆሮው ጠየቅኳት። ጊዜ ሰውን ይለውጣል አለችኝ። ጊዜ ሆድ ያወጣል፣ ጸጉር ያራግፋል፤ ጆሮ ሲያስተኛ ግን አላየሁም። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ሰው መጠርጠር ጀመርኩ። እማማ ሌላ ባል ነበራት ይሆን? እኔስ የማን የልጅ ልጅ ነኝ? መስታወት ፊት ቆሜ የራሴን ጆሮ አየሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያሳዝናልም፣ የእርስዎው ነው። እርስዎንም ጠረጠርኩ። ባነር ይሠራል በተባለ በሳምንቱ «የወንድሜን ግቢ ላጥርለት» ብለው ዱራሜ መውረድዎ ምን ማለት ነው? አጥሩ እስከ ዛሬ ማንን ሲጠብቅ ነበር?

እማማ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብላ ጎመን ስትከትፍ ካፌ ያነሳሁትን ምስል በስልኬ አሳየኋት። ቢላዋውን አስቀመጠች። ትክዳለች ብዬ ስጠብቅ ዝርግፍ አድርጋ ነገረችኝ።

በልጅነቷ እዚያ ፍራሽ ፋብሪካ ጨርቅ ትሰፋ ነበር። ለማስታወቂያው የተቀጠረችው ቆንጆ ሳትመጣ ትቀራለች፤ ቬሎው እማማን ልክክ ይላታል። ከአንድ የሽያጭ ሠራተኛ ጎን አቆሟት፣ ፎቶ አነሷት፣ ቬሎውን አስወልቀው ወደ ስፌቷ መለሷት። ያኔ እርስዎን አታውቅዎትም። እናንተ ስትጋቡ ደግሞ ቸርች ተዘግቶ፣ አማኝ ተሰብስቦ ከተገኘ የሚታሰርበት ጊዜ ነበር። መጋረጃ ተዘግቶ፣ መዝሙር በሹክሹክታ ተዘምሮ ነው የተጋባችሁት። ቬሎ የለም። ካሜራ ይዞ የሚመጣ ቢገኝ እንኳ ፎቶው ማስረጃ ይሆናል። ከዚያ እናትዎ ከዱራሜ መጡና የሠርጉን ፎቶ አሳዩኝ አሉ፤ ሳይጋቡ ነው የሚኖሩት የሚል ወሬ ሰምተው ኖሯል። እርስዎ ጸጉር ቤት ግድግዳ ላይ ያዩትን አሮጌ ካላንደር ለምነው አመጡ፣ ፍራሹን ቆርጠው ጣሉና «ይኸው» አሏቸው። ዓይናቸው ደካማ ነበር። ልጄ እንዴት አምሮበታል ብለው አለቀሱ።

እሺ፣ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ለምን አልወረደም? ብዬ ጠየቅኳት።

«አውርደው ያላልኩት ቀን የለም» አለች። «'አንቺ ቬሎ የለበስሽበት ሌላ ከየት አመጣለሁ?' ይለኛል።»

እዚህ ላይ ልስቅ ብዬ አቃተኝ።

«እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንን ሰውዬ ያደንቃል» አለች እማማ። «'ጋሽ ግዛው፣ እንዴት ያሉ ሸበላ ነበሩ!' ይሉታል፤ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰውዬ ነው። እኔ እዚያ ባነር ሥር አልቀመጥም። ያመጣው እሱ ነው፣ መጥቶ ይንገራቸው። ካልነገራቸው እነሱ ያመስግኑ፣ እኔ ቤቴ ነኝ።»

የቀልዷን መስሎኝ ነበር። ግን ለፕሮግራሙ የተሰፋላትን ቀሚስ አክስቴ ስታመጣላት ሳትለካው ቁም ሳጥን ውስጥ ከታችው። አክስቴ ደም ግፊቷ ነው ብላ ወደ ክሊኒክ ልትወስዳት ነው። እኔ እውነቱን እንዳልናገር እማማ ከልክላኛለች። ስለዚህ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ደግሞ አውቅዎታለሁ። «ለሁሉም ጊዜ አለው» ብለው አጥሩን አንድ ዙር ሊጨምሩበት ነው። እኔ አንድ ቀን ለእንግዳ «አባባ የሉም» ስላልኩ ስለ ውሸት የሰበኩኝን ስብከት እስካሁን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ቢፈልጉ ልልክልዎ እችላለሁ። ግን አባባ፣ እሷን በቬሎ ለማየት ብለው የሌላ ሰው ቁንጅና ሲወደስልዎ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብለዋል። ይህን ለቸርቹ ቢነግሩ ማን እንደሚስቅብዎ አላውቅም። እኔ እስቃለሁ፤ እኔ ግን በሁሉም እስቃለሁ።

ፎቶውን አልመለስኩትም። ግድግዳው ላይ የነበረበት ቦታ ቀለሙ ሳይደበዝዝ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል። ትናንት የሲሃም እናት እትዬ ሐሚዳ መጥተው፣ ሙሽሮቹ ወዴት ሄዱ ብለው ጠየቁ። እማማ ቀና እንኳ ሳትል መለሰችላቸው።

«ሙሽራው ዱራሜ ነው፤ ሰሞኑን ይገባል።»

በሰው ፊት ውሸታም እንዳያደርጓት።

የልጅ ልጅዎ
ዶርቃ፣ ከመካኒሳ