ቅልጥፍና፣ ሦስት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ከተኮራረፍን ሁለት ወር ሞላን። ብደውል እንደማታነሳ ስለማውቅ ይኸው መጻፍ ጀመርኩ። ሳትቆጣ አንብበው፤ ከተቆጣህም ጨርሰህ ተቆጣ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ተረት ሰዎች ሆነን ለምንጫወተው ጨዋታ ገጸ ባሕርይ የምንፈጥርበት ደንብ ይቀየር ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ አብራን የምትጫወተው ጥርስ ሐኪም አይደለችም። «እኔን አይሰማኝም፣ አንቺ ተናገሪልኝ» ብዬ ለምኛት ነው።

ያንተን ደንብ ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለጉልበት፣ ለብልሃት፣ ለቅልጥፍና ሦስት ሦስት ዳይስ በሰው ፊት ተጥሎ ይደመራል፤ የወጣው ወጣ፣ መልሶ መጣል የለም። ታክሲ ነጂው ጓደኛህ «ፍሬን» ብልሃቱ ትንሽ ቁጥር መጥቶበት፣ ፊደል የማይለይ አስማተኛ ወጥቶለት ዓመት ሙሉ ሲያስቀን የከረመው በዚሁ ደንብ ነው።

ሊፍት ስትጠግን ወድቀህ በክራንች መሄድ ከጀመርክ በኋላ ግን፣ አንድ ቅዳሜ ለአዲሱ የጨዋታ ሰውህ ቅልጥፍና ጣልክ። አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ድምሩ ሦስት፤ ከዚያ በታች ቁጥር የለም። ልብስ በምቆርጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጥነው አንተ ብቻ ሳቅህ፤ «እንግዲህ ይሄን ኤሊ ምን ላርገው?» አልክ። እኔ እንባዬ መጣና ካውያ የምነቅል መስዬ ዞር አልኩ።

በሳምንቱ ሐኪሟ ተናገረች፤ ሁላችንም እኩል ነጥብ ይሰጠንና እንደፈለግን እናከፋፍለው። ፍሬን ደግፎ እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ። አየኸኝ።

«አዘናችሁልኝ ማለት ነው?» አልክ።

ወረቀትህን አጥፈህ ኪስህ ከተትክና ወጣህ።

ነጥብ ማከፋፈሉን ሞከርነው፤ ደንቡ ክፋት የለውም። ሁሉም ጎበዝ፣ ሁሉም ቀልጣፋ። ሦስት ቅዳሜ ተጫውተን አንዴም ከልባችን አልሳቅንም።

ዘግይቶም ቢሆን ገባኝ። ቤት ውስጥ ውሃ ላቀብልህ የሚልህ፣ መንገድ ላይ ተሸቀዳድሞ በር የሚከፍትልህ ሞልቷል። ዳይሱ ግን ላንተም ለእኛም አያደላም። ከሰው እኩል የሚያይህ እሱ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ እሱንም ቀማሁህ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።

ትናንት ሦስታችን ተነጋግረን ወደ ዳይሱ ተመልሰናል። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት እንጀምራለን። እስከ ዛሬ ስትመጣ ደረጃውን ሮጬ ወርጄ ክንድህን እይዝ ነበር። ከእንግዲህ ካልጠራኸኝ አልወርድም። ደረጃውን ስትወጣ እየሰማሁ፣ እንደምንም ብዬ ከወንበሬ አልነሳም።

ታናሽህ፣ ልብስ ሰፊዋ