የስታን ናስ

ሰኞ፣ ኅዳር 1፣ ጠዋት

የቤልትዌይ አውራ ጎዳና ዛሬም ጭንቅንቅ። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ እስክደርስ ሻዬ በረደ። ተቀጥሬ የምጦራቸው ሽማግሌ ሚ/ር ፍራንክ ቁርስ አልበላም ብለው እኔን ይጠብቃሉ። ልጃቸው ካረን ስትሠራላቸው ያኮርፋሉ፣ እኔ ስሠራላቸው ይበላሉ። እሷ ለሥራ ውጭ አገር ሄዳለች፣ እስከሚመጣው ሰኞ የለችም። ሳምንቱን እዚሁ እያደርኩ እጦራቸዋለሁ።

ወሬያቸው ያው የሠሩበት ብረት ፋብሪካ ነው። ፔንሲልቬንያ ያለችው ከተማቸው ምድጃዎቹ ሲነዱ ሌሊቷ ቀይ ነበር ይላሉ። በረዶው ጥቁር። የተሰጣ ልብስ ቶሎ ካልገባ ዳግም እጥበት። ስሎቫኩ በራሱ ቤ/ክ፣ ጣልያኑ በራሱ፣ ጥቁሩ በራሱ። ሠርግ ሲሆን ግን ጎረቤት ሁሉ ኩኪስ ጋግሮ ረጅም ጠረጴዛ ይሞላል። እኛም ለድግስ እንዲሁ ነን አልኳቸው፣ ደስ አላቸው።

ከመሳቢያ ክብ የናስ ባጅ አውጥተው ወልውዪልኝ አሉ። ቁጥር የተቀረጸበት፣ ሠራተኛው ፋብሪካው በር ላይ የሚያሳየው። የሳቸው አይደለም፣ የጓደኛቸው የስታን ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ተለዋወጡ። የሳቸው እሱ ጋ ነው። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ድስት ጥጄ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ ረፋድ

ደብተሬ፣ ምን ይሻለኛል? የቤቱ ስልክ ጮኸ፣ አነሣሁ። የስታን ልጅ ናት። አባቷ ትናንት አርፏል። ቀብር ዓርብ፣ ለሚ/ር ፍራንክ ንገሪልኝ አለች እያለቀሰች። እሺ አልኩ። ዘወር ስል እሳቸው ቲቪ እያዩ ይስቃሉ።

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? መርዶ እንዲህ አይነገርም። ማልዶ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ከጎን ተቀምጦ። ልባቸው ደካማ ነው፣ ያለሁት ደግሞ እኔ ብቻ። እኔን እናቴ ስትሞት ሳምንት ደብቀውኝ እሑድ ማለዳ ግር ብለው መጡ። አመሰገንኳቸው እንጂ አልተቀየምኩም።

ለካረን ኮል አደረግኩ፣ አላነሣችም፣ ቮይስሜል። ሞት በቮይስሜል አይነገርም። ሰላም ነን፣ ሲመችሽ ደውዪ ብዬ ዘጋሁ።

ያው ቀን፣ ማታ

ባለቤቴ በስልክ ልክ ነሽ አለኝ፣ ልጃቸው እስክትመጣ ያዢው። ልጄ ሩት ከኋላ ሰምታ ጮኸች፤ «ማሚ፣ ሂ ሃዝ ኤ ራይት ቱ ኖው!» የማወቅ መብት! የታመመ ልብ ላይ መብት ምን ይሠራል? ለቅሶ እንደሆነ ዘግይቶም ይደረሳል።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ስታን ዛሬ ይቀበራል። ጠዋት ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ። አላነሣሁም። ማነው ሲሉኝ ሻጮች ናቸው አልኩ። ምሳ ላይ የሠራሁትን ምስር ሁለቴ አስጨመሩ። ሳቅሁላቸው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ካረን ማለዳ ገባች። በር ላይ ነገርኳት። እንደ ወጉ በግራ እሷ፣ በቀኝ እኔ ተቀመጥን፤ እሷ ነገረቻቸው። አላለቀሱም። ቀብሩ መቼ ነው ብቻ አሉ። አልፏል፣ ዓርብ ነበር አልኩ። ተነሥተው መሳቢያውን ከፈቱ። ናሱን ይዘው ቆሙ።

ያኔ ነው ካረን ያስረዳችኝ። የአንድ ምድጃ ሰዎች ወግ ነው። አንዱ ሲሞት የቀረው የሟቹን ናስ የሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ያኖርለታል፤ ፈረቃህ አለቀ፣ ግባ ቤትህ ማለት ነው። ለስታን ልጅ ስትደውል፣ ዓርብ ዕለት ቤተሰቡ ሳጥኑን ሳይዘጉ እሳቸውን ሲጠብቁ እንደነበር ሰማች። ሲጮህ የነበረው ስልክ እሱ ነው።

ደብተሬ፣ ክፉ አላሰብኩም። ግን ክፉ ሠራሁ። የሳቸውን ሐዘን በኔ ወግ ሰፈርኩት። ካረን አላባረረችኝም። ብታባርረኝ ይቀለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ማታ

ሳምንቱን አላናገሩኝም። ያቀረብኩትን ግን ይበላሉ። ዛሬ ጠዋት ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ካረን ውሰጃቸው አለችኝ። ወደ ከተማቸው፣ ወደ ስታን መቃብር፣ ግማሽ ቀን ነዳሁ።

ፋብሪካው የነበረበት ወንዝ ዳር ሣር በቅሎበታል። አንድ ጭስ ማውጫ ለመታሰቢያ ትተዋል። ምድጃችን እዚህ ጋ ነበር ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ከሰኞ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

የስታን አፈር ገና እርጥብ ነው። ናሱን ልቅበረው ብዬ ተንበርክኬ በእጄ መቆፈር ጀመርኩ። ክንዴን ይዘው አስነሡኝ። አፈር ውስጥ አይሆንም፣ ሳጥን ውስጥ ነው አሉ። መዳፌ ላይ አኖሩት። እኔ ስሞት ሳጥኔ ውስጥ ጨምሪልኝ፣ እኔው አደርስለታለሁ አሉ። ደግሞም፤ ያን ቀን ግን ለሰው ቶሎ ንገሪ።

እሺ አልኩ። ሳልውል ሳላድር እናገራለሁ፣ በስልክም ቢሆን፣ በቮይስሜልም ቢሆን።

ስንመለስ ተኙ። እየነዳሁ ሳስብ ነው የከነከነኝ። ከዚያ ምድጃ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። የሳቸው ናስ ያለው ደግሞ ስታን ቤት። ሰኞ ለልጁ እደውላለሁ። ስልኩን ሰምቼ እንዳላነሣሁት ነግሬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ከዚያ የሚ/ር ፍራንክን ናስ ስጪኝ እላታለሁ። ቀኑ ሲደርስ የሚያኖርላቸው ከእኔ በቀር ማንም የለም።